ግማሽ ሊትር ወተት

አድማሴ ከተቀበረ ወዲህ አስናቀች ወተት በአፏ ዞሮ አያውቅም። በጾም ቢሆን የሁላችንም ደንብ ነው፤ እሷ ግን በፋሲካም አትቀምስ፣ በገናም አትቀምስ፤ እርጎ የቀረበበት ቤት ከገባች ፊቷን ታዞራለች። የሰፈሩ ሴቶች ስለት ይመስላቸዋል። ስለት አይደለም። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ያመጣሁባትም እኔ ነኝ፣ ዓመት ሙሉ እያወቅሁ ዝም ያልሁትም እኔው ነኝ።

ሙሉሰው እባላለሁ። እዚሁ አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ አምና ጡረታ ወጣሁ። አሥራ ዘጠኙን ዓመት ካቦ ነበርሁ። ካቦ ማለት ያው፣ ሠራተኛ ላይ ሲጮህ ውሎ ባለጋራዡ ሲመጣ ድምፁ የሚለሰልስ ሰው ነው። ቁጡ ነኝ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተ እኮ ከብሎንም ጋር ትጣላለህ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ሰው ላይ መጮህ አይከብደኝም፤ መጮህ የሚገባኝ ቦታ ላይ ነው አፌ የተያዘ።

አድማሴ የሸራ ቤት ሠራተኛ ነበር። የፍሬን ሸራ ማለት ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ከጎማው ብረት ጋር ተፋትጎ መኪናውን የሚያቆመው ንጣፍ ነው። ሊማሊሞን ወርዶ የወጣ መኪና ሸራው ነድዶ፣ ጠቁሮ ነው እኛ ዘንድ የሚደርስ፤ ስለዚህ ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። አድማሴ ያረጀውን ሸራ ይነቅላል፣ በብረቱ ሆድ የተጠራቀመውን ብናኝ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል፣ አዲሱን በሪቤት ምስማር ይመታል፣ ልክ እስኪገባ ድረስ በግራይንደር ይፍቀዋል። ቤቷ ጠባብ ናት፣ መስኮቷም አንድ ነው። ማታ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር አመድ ለብሶ ነው። «ወፍጮ ቤት ውለህ መጣህ?» እያልን እንቀልድበት ነበር። እሱም «አዎ፣ የእናንተን ጤፍ ስፈጭ» ይለናል። ደስ የሚል ሰው ነበር፤ ሳቁ ከግራይንደሩ ጩኸት በላይ ይሰማል።

ወተቱን ያስጀመርሁት እኔ ነኝ። ካቦ የሆንሁ ሰሞን ባለጋራዡን ለምኜ፣ ተከራክሬ፣ ለሸራ ቤት ሠራተኞች በቀን ግማሽ ግማሽ ሊትር ወተት አስፈቀድሁ። አቧራ የሚውጥ ሰው ወተት ከጠጣ አቧራው ታጥቦ ይወርዳል ሲባል ነው ያደግሁት፤ ቀለም ቀቢውም፣ ወፍጮ ቤት የሚውለውም፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራውም ይህንኑ ነው የሚልህ። ባንቺአየሁ የምትባል ሴት በየጠዋቱ ከጠዳ በሚኒባስ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ሸራ ቤቱ በር ላይ ቆሜ በገዛ እጄ በጣሳ እየለካሁ አድላለሁ። «ካቦ ማለት እንዲህ ነው» ተባለልኝ። ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ችግሩ ጾም ነው። አድማሴ ረቡዕና ዓርቡን፣ ሁዳዴውን፣ የሐዋርያቱን፣ ፍልሰታውን፣ የነቢያቱን፣ አንዱንም አያልፍም። ቁጭ ብለህ ስታስበው ወተት የሚጠጣበት ቀን ከማይጠጣበት ያንሳል። «አንተ ሰውዬ፣ ይኸ እኮ ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» ብዬ ጮህሁበት። የንስሐ አባቱን ጠየቀ፤ እሳቸውም ለጤናው ከሆነ ይጠጣ ብለው ፈቀዱለት። እምቢ ያለችው አስናቀች ናት። «አልጋ ስትይዝ ያን ጊዜ እንጠይቃለን። በሁለት እግርህ እየሄድህ ጾም አትገድፍም» አለችው። እሱም ከእሷ ቃል አይወጣም። ስለዚህ የጾም ቀን ድርሻውን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ምስጢር፤ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ናት፣ ወተቱን እሷ ትጠጣዋለች። እሷ አድጋ መጾም ስትጀምር ደግሞ ለጎረቤት ሕፃን ሆነ።

የዛሬ ስምንት ዓመት አንዲት ሴት ከመንግሥት ለሥራ ቦታ ቁጥጥር መጣች፤ እፀገነት ትባላለች። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ሸራ ቤቱን አየች፣ አድማሴ ብናኙን በአየር ሲነፋ አየች፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ወጣች። ከዚያ ቢሮ አስገብታኝ በሩን ዘጋችው።

«እዚህ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር አለ» አለችኝ። «ዐይን የማያየው መርፌ በሉት። ሳንባ ገብቶ ይሰካል፣ ተመልሶ አይወጣም። ዛሬ አያምም፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው የሚያምመው። በአየር አትንፉት፣ በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማስክ ያድርጉ። ደግሞ ቱታቸውን ለብሰው ቤታቸው አይግቡ፤ እዚሁ ይታጠብ።»

«እኛ እኮ ወተት እንሰጣቸዋለን» አልኋት ኮራ ብዬ።

«ወተት ሆድ ነው የሚገባው አያ ሙሉሰው። ሳንባ ጋ አይደርስም» አለች። «ሸጋ አስበው ነበር፤ ግን ምንም አይሠራም።»

ያቺ «ሸጋ አስበው ነበር» ያለችው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ወተቴን በአንድ ቃል ደፋችብኝ። ወረቀት ጽፋ፣ ፈርማ፣ ትታልኝ ሄደች። ለባለጋራዡ አሳየሁት። አነበበውና «ወተቱ አይበቃም?» አለኝ። ልነግረው ይገባ ነበር፣ አይበቃም ማለት ይገባኝ ነበር። «ይበቃል» አልሁት። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁና ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁ።

ለአድማሴስ ምነው አልነገርሁት? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከነገርሁት ሥራውን ይተዋል፣ እሱን የሚያህል የሸራ ሠራተኛ ከየት አመጣለሁ ብዬ ነው። ይኸ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል፤ ያ ሁሉ ወተት ከንቱ ነበር ብሎ መናገር አፈርሁ። በማግስቱ ጣሳዬን ይዤ እንደ ወትሮው አደልሁ። «እግዜር ይስጥልኝ ካቦ» እያሉ ተቀበሉኝ። አድማሴ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠራ።

መጀመሪያ ዳገት አቃተው። ቀጥሎ ሜዳውም አቃተው። ሳሉ ደረቅ ነው፤ አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው። ብርድ ነው ተባለ፣ ጠበልም ተጠመቀ። በመጨረሻ ሆስፒታል ሲሄድ ሐኪሙ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀውና ሳንባህ ጠባሳ ሆኗል፣ ይህን የሚመልስ መድኃኒት የለም አለው። ሁለት ዓመት ትራስ ተደግፎ፣ ተቀምጦ እየተኛ ኖረ። አምና በጥቅምት ዐረፈ።

አሁን የምናገረውን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የዞርሁት። የሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል፤ የጋራዡ ሰዎች ባንድ ወገን ነን። ውድነህ የሚባለው የሞተር ሠራተኛ፣ «ኪሩም እኮ ሸራ ቤት ነው የሚሠራ፣ ምንም አልሆነ። አድማሴን ለይቶ ምን አገኘው?» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ ካቦው ነኛ። ያ መሳቢያ ውስጥ ያለው ወረቀት ዐይኔ ላይ መጣ። ከዚያ ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ «እሱ ጾመኛ ነበር፤ ወተቱን በደንብ አልጠጣም። ሌሎቹ ይጠጣሉ» አልሁ።

ሰው ሁሉ ነገሩ እንደገባው ራሱን ነቀነቀ። ዘወር ስል አስናቀች ከመጋረጃው አጠገብ ቆማለች፣ ጥቁር ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ። ሰምታለች። እኔ ግን ቃሌን አልመለስሁም፤ ተነሥቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ የቀረበውን በላሁ።

በዘንድሮው ሁዳዴ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ምስጢር ቤቴ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ማራኪ ግቢ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ከጓደኞቿ ጋር እዚያው ክፍል ተከራይታለች። ተቀመጪ ብላት አልቀመጥም አለች።

«አያ ሙሉሰው፣ እማዬ እያሳለች ነው» አለችኝ። «ልክ እንደ አባዬ። ደረቅ ሳል። ሆስፒታል እንሂድ ስላት አይሆንም ትለኛለች። ‹መድኃኒቱን ከአባትሽ አፍ የነጠቅሁ እኔ ነኝ፤ ዋጋዬን ልቀበል› ነው የምትለኝ። በየቀኑ ትሰግዳለች፤ መሀል ላይ ትንፋሽ እያጠራት መሬት ይዛ ትቀራለች። እኔን አትሰማኝም። አንቱን ታከብራለች፤ በሞቴ ይንገሩልኝ። አባቴን ቀብሬያለሁ፣ እሷንም መቅበር አልችልም።»

«ቱታቸውን ለብሰው ቤታቸው አይግቡ» ያለችው ሴትዮ ቃል ወዲያው መጣብኝ። የአድማሴን ቱታ ማን ያጥብ ነበር? እኔ አላጥብለት! «እነግራታለሁ» አልኋት ለልጅቱ። እጄን ስማ ሄደች። የሳመችውን እጅ የት ላድርገው?

ሁለት ቀን አሰብሁ። ሽማግሌ ልላክ? ወይስ ደንቡ እንደሆነው ድንጋይ ተሸክሜ ደጇ ልቁም? ግን ሽማግሌ ከገባ፣ ድንጋዩም ጫንቃ ላይ ከታየ፣ ይቅር ማለት ግድ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው በአገር ይወቀሳል። አስናቀችን ዳግመኛ በሰው ፊት ላስጨንቃት አልፈለግሁም። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ቤቴ ያስቀመጥሁትን የእፀገነትን ወረቀት ኪሴ ከትቼ፣ ዓርብ ዕለት ብቻዬን ሄድሁ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ትንሽ ዳገት ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍሁ። እርጅና ነው አልሁ ለራሴ።

ቅዳሴ ወጥቷል። አስናቀች ከደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

«ምነው አያ ሙሉሰው፣ ዛሬ ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች። ከስታለች። ተልባ በጥብጣ በብርጭቆ ሰጠችኝና ሰፌዷን ይዛ ተመለሰች። ሁለት ጊዜ አሳላት፤ ሁለተኛው ረዘመ። እስኪለቃት ጠበቅሁ።

«አስናቀች፣ ወተቱ ምንም አይሠራም ነበር» አልሁ።

እጇ ከምስሩ አልተነሣም። «የምን ወተት?»

«የጋራዡ። አድማሴ በጾምም በፍስክም፣ በየቀኑ ቢጠጣው ኖሮም ይታመም ነበር። የገደለው ብናኙ ነው። መርዝ ነበረበት። ወተት ሆድ ነው የሚገባ፣ ሳንባ ጋ አይደርስም።»

«ልጄ ናት የላከችዎት» አለች ቀና ሳትል። «እንዲያጽናኑኝ ብላ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ድንኳኑ ውስጥ የተናገሩት አንቱው ነዎት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ዋሽቼ ነው።»

አሁን እጇ ቆመ።

«እያወቅሁ ነው የዋሸሁት» አልሁ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ስለ እፀገነት ነገርኋት፣ ስለ መሳቢያው ነገርኋት፣ ባለጋራዡ ወተቱ አይበቃም ወይ ሲለኝ ይበቃል ማለቴን ነገርኋት። አንዱንም አላስቀረሁም። እሷ ወረቀቱን ዘርግታ፣ ጣቷን እያስከተለች፣ ቀስ እያለች አነበበች። ከታች ያለው ቀን ላይ ስትደርስ ጣቷ ቀረ።

«ይኸ ስምንት ዓመቱ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ያን ዓመት በጥምቀት ታቦቱን አጅቦ ሲጨፍር ውሎ ነው የገባ። ድምፁ ተዘግቶ እስከ ማግስቱ ስስቅበት ነበር። ያን ጊዜ እኮ ጤነኛ ነበር፣ አያ ሙሉሰው።»

«ጤነኛ ነበር።»

«ያኔ ቢያቆም ይድን ነበር?»

«አላውቅም» አልሁ። «ይድን ይሆናል። የገባው ገብቶ ይሆናል። አላውቅም አስናቀች።»

ለቅሶ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም። «ዓመት ከአራት ወር» አለች በመጨረሻ። «ዓመት ከአራት ወር ባሌን ገዳይ ነኝ ብዬ ኖርሁ። ለንስሐ አባቴም እንዲህ ብዬ ነገርሁ። አይደለሽም፣ ተዪ ይኸን ሐሳብ ቢሉኝ አላመንኋቸውም። ካቦው ይበልጥ ያውቃል፣ እሱ ነው የሥራው ሰው አልሁ።»

ይኸ ቃል ሲወጣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን የመጣሁበት ነገር ገና ነበር። «ስለ ሳልሽ ነው የመጣሁ» አልኋት። «ቱታውን የምታጥቢው አንቺ ነበርሽ።»

«እና ማን ሊያጥብለት ነው?» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ቀስ ብሎ ሲገባት አየሁ። «አራግፈው ነበር» አለች። «ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣ፣ እሱም ከመጣ። ባልዲው ቶሎ እንዳይደፈርስብኝ መጀመሪያ በደረቁ፣ ያንን ግንብ እየመታሁ አራግፈው ነበር። ከዚያ አንዱ ባልዲ ለሁለት ቱታ ይበቃኛል። ብናኙ ብን ብሎ ይለብሰኛል። እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝ እያልሁ፣ ውሃ ቆጠብሁ እያልሁ...» ወደ ግንቡ አየች። እኔም አየሁ። ኖራ የተቀባ ተራ ግንብ ነው።

ከዚያ ድንገት እጇ አፏ ላይ ሄደ። «ምስጢር» አለች።

«ምን ሆነች?»

«ከረሜላ ይዞላት ይመጣ ነበር። ገና በሩን ሳያልፍ ሮጣ ቱታው ኪስ ውስጥ እጇን ትከታለች። ያቅፋታል፤ እሷም አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አትለቀውም። በየቀኑ ነው። ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ፣ ከገባችም በኋላ።»

ይኸን አላሰብሁትም ነበር። ለእሷ ብዬ መጥቼ፣ አንዱን ሸክም አወርድላታለሁ ብዬ፣ ከዚያ የከፋ ጫንሁባት። አሁን ነው እንባዬ የመጣ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሚስቴን ስቀብር እንኳ እንዲያ አላለቀስሁም።

«ይቅር በይኝ» አልሁ።

«እንዳትለኝ!» አለች ተነሥታ። ምስሩ ከሰፌዱ ፈሰሰ። «አሁን ይኸን ቃል እንዳትለኝ ሙሉሰው።»

አያውም ቀረ፣ አንቱውም ቀረ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዴም እንዲህ ጠርታኝ አታውቅም። የሚገባኝም ይኸው ነበር።

«ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነገሩን ጨርሶ ነው የሚጠይቅ» አለች። ድምጿ እንደገና ዝቅ ብሏል። «አንተ መች ጨረስህ? ድንኳኑ ውስጥ ያን ስትናገር ስንት ሰው ነበር? ለእነሱ መልስ። ኪሩ አሁን በዚህ ሰዓት የት ነው? ሸራ ቤት ነው። ወተቱን ለልጆቹ ይዞ፣ ያንኑ ቱታ ለብሶ ሊገባ ነው። እሑድ ዕድር አለ። ሰኞ እኔና ልጄ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ አንተም ወረቀትህን ይዘህ ትመጣለህ።»

ከዚያ ተንበርክካ ምስሩን ከመሬት ትለቅም ጀመር። ላግዛት ስል በእጇ መለሰችኝ።

እሑድ የዕድሩ ሰብሳቢ አለነ የወሩን ጉዳይ ሲጨርስ እጄን አነሣሁ። ሰው ሁሉ ስለ ድንኳኑ ኪራይ ልናገር መስሎታል፤ ስለ እሱ ስጨቃጨቅ ነው የሚያውቀኝ። ቆምሁና «በአድማሴ ሠልስት ላይ ውሸት ተናግሬያለሁ» ብዬ ጀመርሁ። ሠራተኛ ላይ ስጮህ የኖርሁ ሰው እዚያ ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ ከኋላ ያሉት «አይሰማም» አሉ፣ ከመጀመሪያው ደገምሁት። አስናቀች በባሏ ቦታ የገባች አባል ናት፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። ስጨርስ አንድ ሰው «ሸጋ ሰው መስለኸን ነበር» አለ። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ አንገቴን ደፍቻለሁ።

ኪሩ ነው ተነሥቶ የጠየቀኝ። ቁጣ ስጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ሥራ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ። «እኔ አራት ልጆች አሉኝ። ሁሌም ቱታዬን ለብሼ ነው የምገባ። ነገ ምን ላድርግ?»

«ነገ በአየር አትንፋው። አርጥበህ ጥረገው። ቱታህን እዚያው አውልቀህ ግባ። ማስኩ እስኪገዛ ግራይንደሩን አትንካ። ባለጋራዡን እኔ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።»

«ወተቱስ?»

«ወተቱን ልጆችህ ይጠጡት» አልሁት። «ለእነሱ ወተት ነው።»

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ተገናኘን። አስናቀችና ምስጢር አግዳሚው ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል፤ እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ነኝ። ምስጢር ሁሉን ሰምታለች። ሰላም አላለችኝም፤ አባቷ ነው የሞተ፣ ምን ትበለኝ። ራጅ ተነሡ፣ ጠበቅን፣ እኩለ ቀን ሲደርስ ዶክተር አንዱዓለም የሚባል ሐኪም ሦስታችንንም አስገባን። ፊልሞቹን መብራቱ ላይ ሰቀለ።

«የልጅቷ ሳንባ ንጹሕ ነው» አለ። «ዛሬ ንጹሕ ነው ማለቴ ነው፤ በየዓመቱ መታየት አለባት።» አስናቀች ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከሐኪሙ ቃል የቀረውን የሰማች አይመስለኝም፤ የራሷን ሲነግራትም ፊቷ አልተለወጠም። በእሷ ሳንባ በሁለቱም ጎን ጠባሳ አለ። ገና ብዙ አልሄደም። አይጠፋም፤ ግን ሳይባባስ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ክትትሉን ካላቋረጠች። ከወር በኋላ ተመለሽ አላት።

«ሥራሽ ምን ነበር?» ሲል ጠየቃት ሊጽፍ እያጎነበሰ።

«የባሌን ቱታ አጥብ ነበር» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት።»

ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ። ወረቀቱን እንዳቀብለው በዐይኗ ጠቀሰችኝ። የእፀገነትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ከመሳቢያው ንጹሕ ወረቀት አወጣ። «እዚያ ጋራዥ የሠሩትን፣ አሁንም የሚሠሩትን፣ ሁሉንም ማየት እፈልጋለሁ። ስማቸውን የሚያውቅ አለ?»

«እሱ ያውቃል፣ ካቦ ነበር» አለች አስናቀች።

«ኪሩ» ብዬ ጀመርሁ። «ሸራ ቤት ነው፣ አሥራ አራት...»

«ከራስህ ጀምር» አለች።

ዞሬ አየኋት። እሷም እያየችኝ ነው፤ ጨክናም አይደለም፣ አዝናም አይደለም። ዳገቷ ላይ ስቆም ስታየኝ ነበር ለካ።

«ሙሉሰው» አልሁ። ዕድሜ ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ስንት ዓመት እንደሠራሁ ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ሸራ ቤት እገባ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በየቀኑ፣ በሩ ላይ ቆሜ ወተት እለካ ነበር አልሁት።

«ሳል አለብዎት?»

ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጆቼም፣ ለንስሐ አባቴም። ብርድ ነው፣ እርጅና ነው ስል ነው የከረምሁ።

«አለኝ» አልሁ። «ካምና ጀምሮ።»

«ይጻፉት» አለችው አስናቀች ለሐኪሙ። እስኪጽፍ ጠበቀችና ወደኔ ዞረች። «አሁን ኪሩን ቀጥል።»